ኤድዋር ሉካስና የትልልቅ ብቸኛ ቍጥሮች ፍለጋ

ለዚህ ለተማሪ ቤታችን መጽሔት የአንድ የታወቀ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ጦር ሜዳ ላይ ስሙ የገነነ ንጉሥ ወይም ጄኔራል አልመረጥንም። የመረጥነው እንደ መምህራኖቻችን ጠመኔ ይዞ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ያስተምር የነበረውን ፈረንሳዊውን የሒሳብ ሊቅ ኤድዋር ሉካስን ነው። ስሙ በእኛ አጠራር ሉቃስ ማለት ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈነዋል።

ሉካስ በሰሜን ፈረንሳይ በአሚየን ከተማ አፕሪል 4 ቀን 1842 ተወለደ። ፓሪስ ውስጥ በታወቀው የመምህራን ከፍተኛ ተማሪ ቤት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ፥ በፓሪስ የከዋክብት መመልከቻ ተቀጥሮ ሠራ። በ1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ ጦርነት በገጠሙ ጊዜ የመድፈኛ መኰንን ሆኖ ዘመተ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ከዋክብቱ አልተመለሰም፤ በ1872 በሙላን ከተማ በሚገኝ ሊሴ የሒሳብ መምህር ሆነ። ስሙን ያስጠራውን ምርምር ያካሄደውም በዚያ፥ ከፓሪስ ሊቃውንት ርቆ ሳለ ነው።

ብቸኛ ቍጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ ቍጥር ያለ ቀሪ የማያካፍለው እንደ ሆነ ሁላችንም ተምረናል። 2፥ 3፥ 5፥ 7፥ 11 ከነዚህ ናቸው። ማለቂያ እንደሌላቸው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት አስረድቷል። ችግሩ፥ አንድ ትልቅ ቍጥር ተሰጥቶን ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም ብለን ስንጠየቅ ነው። ለ97 በየተራ እያካፈሉ መሞከር ይቻላል፤ ለባለ 39 አኃዝ ቍጥር ግን የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ማሪን መርሴን የተባለ ፈረንሳዊ መነኵሴ በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፥ 2ቶችን እርስ በርሳቸው አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኙትን ቍጥሮች አነሣ። ለምሳሌ አምስት 2ቶች ሲባዙ 32 ይሆናሉ፤ 1 ሲቀነስ 31 ይቀራል፤ 31 ብቸኛ ነው። መርሴን 67፥ 127ና 257 2ቶችም ብቸኛ ቍጥር ይሰጣሉ ብሎ ዘረዘረ፤ ማስረጃ ግን አላቀረበም። ኦይለር በ1772 የ31ዱን 2ቶች ቍጥር ብቸኛነት አረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ትልልቆቹ መቶ ዓመት ያህል የሚደፍራቸው አላገኙም።

ሉካስ ያገኘው መንገድ አካፋይ ፍለጋ አይደለም። አሜሪካዊው ሌመር በ1930ዎቹ ባስተካከለው መልኩ ብንገልጸው፥ ከ4 ይነሣል። ቍጥሩን በራሱ ማብዛት፥ 2 መቀነስ፥ ውጤቱን በሚመረመረው ቍጥር አካፍሎ ቀሪውን ብቻ መያዝ፥ ይህንኑ ከ2ቶቹ ብዛት በ2 ያነሰ ጊዜ መደጋገም ነው። በመጨረሻ ቀሪው 0 ከሆነ ቍጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። (የ2ቶቹ ብዛት ራሱ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቍጥር መሆን አለበት።) እኛም ሰባት 2ቶች የሚሰጡትን 127ን በደብተራችን መረመርነው፤ 4፥ 14፥ 67፥ 42፥ 111፥ 0 ሆነ። ይህችን ታህል እንኳ ስንሠራ አንድ ጊዜ ተሳስተን እንደ ገና ጀምረናል።

ሉካስ ግን በ1876 የ127ቱን 2ቶች ቍጥር ያለ መኪና መረመረ። ስሌቱን የሠራው እንደ ሰንጠረዥ መጫወቻ በተሠመረ፥ ጎንና ጎኑ 127 ቤት በሆነ ገበታ ላይ ነው። ብቸኛ ሆኖ የተገኘውም ቍጥር 170,141,183,460,469,231,731,687,303,715,884,105,727 ነው። ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቍጥር እስከ 1951 ድረስ፥ ማለት 75 ዓመት፥ አልተገኘም።

በዚያው ዓመት ሉካስ የ67ቱ 2ቶች ቍጥር ብቸኛ አለመሆኑን ገለጸ፤ መርሴን ተሳስቶ ነበር። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ይህ ነው። ቍጥሩ አካፋይ እንዳለው ታወቀ፤ አካፋዩ ማን እንደ ሆነ ግን ሉካስ ራሱም አያውቅም። ሌባ ቤት ውስጥ መኖሩ ተረጋግጦ መልኩን ያየ የለም እንደ ማለት ነው። ሉካስ ከሞተ በኋላ በ1903 አሜሪካዊው ኮል ሁለቱን አካፋዮች አገኛቸው፤ 193,707,721ና 761,838,257,287 ናቸው። የሚጠራጠር ቢኖር እርሳስ አንሥቶ ያባዛቸው፤ 147,573,952,589,676,412,927 ይወጣል።

ሉካስ ከዚያ በኋላ በፓሪስ በሻርለማኝና በሴን ሉዊ ሊሴዎች አስተማረ። ጨዋታ ይወድ ነበርና ስለ ሒሳብ ጨዋታዎች አራት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። በ1883 የሃኖይ ግንብ የተባለውን ጨዋታ ያወጣው በራሱ ስም አይደለም። የስሙንና የትውልድ ከተማውን የላቲን ፊደላት አቀያይሮ ክላውስ የሚባል የሲያም ሰው አስመሰለ፤ የሴን ሉዊንም ስም እንዲሁ ገለባብጦ የሩቅ ምሥራቅ ኮሌጅ አደረገው። በጨዋታው ከሦስት ዘንጎች በአንዱ ላይ የተደረደሩ ክቦች አንድ በአንድ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ትልቁ ክብ በትንሹ ላይ አይቀመጥም። 64 ክቦችን ለማሻገር የሚያስፈልገው የእንቅስቃሴ ብዛት 64 2ቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ነው። በየሰከንዱ አንድ ክብ ቢነሣ ከ500 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጃል። የመርሴን ቍጥሮች መልክ በመጫወቻ ውስጥ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

አሟሟቱ የሚያሳዝን ነው። በ1891 በማርሴይ በተደረገ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ግብዣ ላይ ሳሕን ወድቆ ተሰበረ፤ ስባሪውም ተፈናጥሮ ጉንጩን ቈረጠው። ቍስሉ መርቅዞ ኦክቶበር 3 ቀን 1891 በ49 ዓመቱ ዐረፈ። ከአራቱ ቅጾች ሁለቱ የታተሙት ከሞተ በኋላ ነው።

በጃንዋሪ 1952 በሎስ አንጀለስ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የስሌት መኪና የ521 2ቶች ቍጥር በሉካስ መንገድ ተመርምሮ ብቸኛ ሆኖ ተገኘ። በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው 136,279,841 2ቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኝ ሲሆን፥ 41,024,320 አኃዝ አለው። መጀመሪያ የጠቈመው ሌላ ዐይነት ምርመራ ነበር፤ ማረጋገጫው ግን የተሠራው ከ4 ተነሥቶ በሚሄደው በዚያው መንገድ ነው።