ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድና የልብ መለወጥ ሥራ

የልብ ድካም በመድኃኒት ሊገታ ካልቻለና የልቡ ጡንቻ ከጥገና ካለፈ፣ ለቀዶ ጥገና ሐኪም የሚቀሩት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ይኸውም ልቡን በሌላ ልብ መለወጥ፣ ወይም በፓምፕ ማገዝ ነው። የሰውን ልብ ለሰው በመትከል የመጀመሪያው የሆኑት ደቡብ አፍሪካዊው ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ናቸው።

ባርናርድ እ.ኤ.አ. በ1922 በቦፎርት ዌስት ከተማ ከሰባኪ ቤተሰብ ተወለዱ። አንድ ወንድማቸው በልብ በሽታ በልጅነቱ ሞቷል። በኬፕታውን ሕክምና ከተማሩ በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው እ.ኤ.አ. በ1958 ተመለሱ። ከዚያ ያገኙት ታላቅ ሀብት የልብንና የሳምባን ተግባር ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ደሙን ተቀብሎ ኦክሲጅን እየቀላቀለ በፓምፕ ስለሚመልሰው፣ ሐኪሙ በቆመ ልብ ላይ መሥራት ይችላል። መሐንዲስና ሐኪም የተገናኙት በዚህ ነው።

ኅዳር 23 ቀን 1960 ዓ.ም. በግሩት ስኩር ሆስፒታል፣ በመኪና አደጋ የሞተችውን ወጣት ልብ ለነጋዴው ሉዊ ዋሽካንስኪ ተከሉ። ልቡ በደንብ ሠራ፤ በሽተኛው ግን በ18ኛው ቀን በሳምባ ምች ሞቱ። ሰውነት ባዕዱን ልብ እንዳይዋጋ የተሰጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል ኃይላቸውንም አድክሞት ነበር። ሁለተኛው በሽተኛ ፊሊፕ ብላይበርግ 19 ወር ያህል ኖሩ። በየአገሩ በጥድፊያ የተከተሉት ሆስፒታሎች በሽተኞቻቸው ቶሎ ቶሎ ስለሞቱባቸው አብዛኞቹ ሥራውን ተዉት። ባርናርድ ግን አላቋረጡም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የደከመውን ልብ ሳያወጡ አዲሱን በአጠገቡ መግጠም ጀመሩ። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት በ1980ዎቹ ሥራ ላይ ሲውል የልብ መለወጥ ሥራ እንደገና ተስፋፋ።

ዝናው የአንድ ሰው ቢሆንም ሥራው የብዙዎች ነበር። ዘዴውን አስቀድመው በውሾች ላይ ያጠኑት አሜሪካውያኑ ኖርማን ሻምዌይና ሪቻርድ ሎወር ናቸው። በኬፕታውን ላቦራቶሪም በቂ የቀለም ትምህርት ያላገኙት ጥቁሩ ሃሚልተን ናኪ በእንስሳት ላይ ቀዶ ጥገና እየሠሩ ወጣት ሐኪሞችን ያሠለጥኑ ነበር፤ በዘር መድልዎው ዘመን ግን ስማቸው ሳይነሣ ቀረ። ባርናርድ በጣቶቻቸው የመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራቸውን አቆሙ፤ በ2001ም ቆጵሮስ ውስጥ ዐረፉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በቁይም ሆነ በሌላው የገጠር ከተማ የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት አንዱ፣ ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚከተለው የልብ በሮች ብልሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተው የልብ ማእከል የብዙ ሕፃናትን ልብ ጠግኗል። ይሁን እንጂ የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት የጉሮሮ ሕመምን በወቅቱ በፔኒሲሊን ማከም ነው። ማሽን ከመሰበሩ በፊት መጠበቅ እንደሚበጅ የሙያችን ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል።