ማርኮኒና የአየሩ መንገድ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

አዲስ አበባ የተገዛ ሞባይል ስልክ ናይሮቢም ሮማም ሲደርስ እንደ ልማዱ ይሠራል። ለዚህ ያበቃው ሥርዓት የተጀመረው በጉልየልሞ ማርኮኒ ዘመን ስለ ሆነ፣ የዚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማርኮኒ በ1874 በቦሎኛ ከኢጣሊያዊ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለደ። የጀርመኑ ሊቅ ሄርትዝ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ካስረዳ በኋላ፣ ማርኮኒ በዚሁ ሞገድ ያለ ሽቦ መልእክት ለመላክ በአባቱ ቤት ይሞክር ጀመር። በ1896 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በማግሥቱ ዓመት ኩባንያ አቋቋመ።

ዳሩ ግን ላኪዎች ሲበዙ፣ በገበያ መካከል ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚጮኽ ሆኖ አንዱ የሌላውን መልእክት ያበላሽ ነበር። ማርኮኒ የእንግሊዙ ሎጅ የጀመረውን ብልሃት አሻሽሎ፣ ላኪና ተቀባይ በአንድ የሞገድ ልክ የሚገጥሙበትን መሣሪያ ሠርቶ በ1900 የፈጠራ መብት ጠየቀበት። በ1901 ከእንግሊዝ የተላከ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ በኒውፋውንድላንድ እንደ ሰማ ገለጠ። በ1909 የኖቤልን ሽልማት ከጀርመኑ ብራውን ጋር ተካፈለ።

ነገር ግን ኩባንያው ጣቢያዎቹ በሌላ ኩባንያ መሣሪያ ለሚናገር መርከብ መልስ እንዳይሰጡ ይከለክል ነበር። በ1902 የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ወንድም ልዑል ሄንሪክ ከአሜሪካ ሲመለስ፣ መርከቡ የጀርመን መሣሪያ ስለ ያዘች የማርኮኒ ጣቢያዎች ዝም አሉት። በዚህ የተቈጡ መንግሥታት በ1903 በበርሊን ተሰበሰቡ። በ1906 ደግሞ የጠረፍ ጣቢያና መርከብ በመሣሪያ ዓይነት ሳይለያዩ እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ውል ተፈራርመው፣ ለሕዝብ መልእክት የ300 እና የ600 ሜትር ሞገዶችን መደቡ።

ማርኮኒ የፋሺስት ፓርቲ አባል ሆኖ፣ ሙሶሊኒ በ1935 በአገራችን ላይ ያደረገውን ወረራ ደግፎ ተናግሯል። ሊቅነቱን ብናደንቅም ይህን አንረሳውም። በ1937 በሮማ ሲሞት የብሪታንያ ሬዲዮ ጣቢያዎች ለሁለት ደቂቃ ዝም አሉ።

በበርሊን የተጀመረው ሥርዓት ዛሬ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እጅ ነው። ኅብረቱ ለሞባይል አገልግሎት በ1992 በ2000 ሜጋሄርትዝ አካባቢ፣ ለአውሮፓና ለአፍሪካ ደግሞ በ2007 በ800፣ በ2015 በ700 ሜጋሄርትዝ አካባቢ ያለውን ስፍራ ለየ። ዝቅ ያለው ቁጥር ሩቅ ስለሚደርስ፣ በጥቂት ምሰሶ ሰፊ ገጠር ኢንተርኔት ያገኛል። እያንዳንዱ አገር የራሱን ቁጥር ቢመርጥ ግን ፋብሪካዎች ለየአገሩ ልዩ ስልክ መሥራት ግድ ሆኖባቸው ዋጋው በወጣ፣ በድንበርም የጎረቤት ሞገድ የኛን ባወከ ነበር።

በአገራችን ሞገድን የመመደብ ሥራ በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1148 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ሥራው በወረቀት ላይ ቁጥር መደልደል ብቻ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የገጠር ጤና ጣቢያ ከሆስፒታል ጋር መገናኘቱና አለመገናኘቱ ከዚሁ ቁጥር ላይ ይወድቃል። የማርኮኒ ታሪክ እንደሚያስረዳው አየሩ የሕዝብ ሀብት ነውና፣ መሣሪያውን የሠራ ሁሉ መንገዱን ለብቻው ሊይዘው አይገባም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጋዜጣው አንባቢ