የዘር መርማሪው ኒኮላይ ቫቪሎቭ

በወለጋ፥ ከነቀምት በስተደቡብ ባለው በአርጆ ደጋ የሚኖር ገበሬ፥ እንደ ሌላው የአገራችን ገበሬ ሁሉ፥ ካዝመራው ያማረውን ለይቶ ለዘር ያኖራል። ይህን ማድረጉ፥ ቡቃያ ዘሩን እንደሚመስል ከአባቶቹ ስለ ተማረ ነው። የዚህን ነገር ምስጢር ሲመረምር ዕድሜውን የፈጸመ አንድ ሊቅ ነበረ፤ ስሙም ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል።

ቫቪሎቭ በ1880 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለደ። የእርሻን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በዘር ውርስ ምርመራ ስሙ ከተጠራው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። የተክል ቁመትና በሽታን የመቻል ኃይል ከወላጆቹ እንደሚወረስ፥ አንዳንዱም ጠባይ በልጅ ተሰውሮ በልጅ ልጅ እንደሚገለጥ አጠና። በወላጆቹ ዘንድ የሌለው ጠባይ በማዳቀል ስለማይገኝ፥ ልዩ ልዩውን ዘር ለመሰብሰብ ዓለምን ዞረ።

በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጣ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ተቀበሉት፤ እርሱም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰሜን በኩል እስከ አስመራ በበቅሎ ተጓዘ። የስንዴውንና የገብሱን ዓይነት ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ጢም የሌለውንም ጠንካራ ስንዴ አገኘ። ኢትዮጵያንም ከአዝርዕት መገኛዎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት።

በሌኒንግራድ አጠገብ በፓቭሎቭስክ ባቋቋመው የተክል ስፍራ፥ የብርድ አገር ፍሬ የሆነው ጥቁር ከረንት በብዙ ዓይነት እስከ ዛሬ ይጠበቃል። አዳቃዩ ቅርንጫፉ ቀና ብሎ የሚያድገውን ዘለላው ረዥም ከሆነው ጋር ያዳቅላል። የፍሬ ብዛት ግን ከአንድ ውርስ ብቻ ስለማይመጣ፥ ብዙ ችግኝ አብቅሎ ጥቂቱን መምረጥ ግድ ነው።

ይህ ሥራ ትዕግሥት ይሻል። ትሮፊም ሊሴንኮ ግን የዘርን ውርስ ክዶ ሰብልን በቶሎ እለውጣለሁ ስላለ፥ በስታሊን ዘንድ ሞገስ አገኘ። እውነቱን አልክድም ያለው ቫቪሎቭ በ1932 ዓ.ም. ታሰረ፤ ጥር 18 ቀን 1935 ዓ.ም. በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረኀብ ደክሞ ሞተ። በዚያው ዘመን ሌኒንግራድ በጠላት ተከባ ሳለች፥ የሰበሰበውን ዘር ይጠብቁ ከነበሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ እህሉን ሳይነኩ በረኀብ አለቁ። በ1947 ዓ.ም. በእርሱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ተሰረዘ።

እንግዲህ የአርጆ ገበሬ አዲስ ዘር ሲያገኝ የአባቱን ዘር ፈጽሞ አይጣል። ዛሬ ጥቂት ፍሬ የሚሰጠው ነገ ለሚመጣው በሽታ መድኃኒት የሚሆን ጠባይ ይዞ ሊሆን ይችላልና። የጠፋ ዘር ተመልሶ አይበቅልም።