የሞሊ ፒኮን የሕይወት ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ ታሪኳን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ሞሊ ፒኮን ንግሥትም የጦር ጀግናም አልነበረችም። ሥራዋ ሰውን ማሣቅ ነበር። (ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሞሊ በ1898 በኒውዮርክ ከተማ ተወልዳ በፊላደልፊያ አደገች። እናቷ ለተዋናዮች ልብስ እየሰፉ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ስለ ነበር ልጅቱ ከመድረክ ጀርባ አደገች ማለት ይቻላል። አምስት ዓመት ሲሆናት የልጆች ውድድር ሊያስገቧት በከተማ ባቡር ይዘዋት ሲሄዱ፥ አንድ የሰከረ ተሳፋሪ እስቲ ችሎታሽን አሳዪን አላት። እርሷም ሳታፍር ዘፈነች፥ ጨፈረች። ሰውዬው ተደስቶ በባርኔጣው ከተሳፋሪው ሁሉ ገንዘብ ለቀመላት። በውድድሩም አንደኛ ሆና የአምስት ዶላር ወርቅ ተሸለመች።

ሞሊ የተጫወተችበት ይዲሽ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቋንቋ ነው። መሠረቱ ጀርመንኛ ሲሆን ከዕብራይስጥና ከስላቮች ቋንቋ ብዙ ቃላት ወስዷል፤ የሚጻፈውም በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ከሩሲያና ከፖላንድ ተሰደው ኒውዮርክ የገቡት አይሁድ በዚሁ ቋንቋ የሚጫወቱ ቴአትር ቤቶችን አቋቁመው ነበር። ቀን በልብስ ስፌት ሲደክም የዋለ ሠራተኛ ማታ እዚያ ገብቶ ያለቅስ፥ ይሥቅም ነበር።

በ1918 ሞሊ ከአንድ የዘፈንና የጭፈራ ቡድን ጋር ቦስተን ሳለች፥ በአገራችን የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወሰው ያው ወረርሽኝ ቴአትር ቤቶችን አዘጋ። ሥራ ፈትታ ስትንከራተት ያዕቆብ ካሊክ የሚባል የይዲሽ ቡድን መሪ ቀጠራት፤ በማግሥቱ ዓመትም ተጋቡ።

ካሊክ በገሊሺያ የተወለደ፥ በወጣትነቱም ለረቢነት የተማረ ሰው ነበር። የሚስቱ ችሎታ ቢያስደንቀውም ይዲሽዋ አሜሪካን አሜሪካን ይል ነበርና ደስ አላለውም። ስለዚህ በ1921 ቋንቋውን ከባለቤቶቹ አፍ እንድትማር ወደ አውሮፓ ይዟት ሄደ። እኛ የውጭ ቋንቋ ከመጽሐፍ የምንማር ተማሪዎች በዚህ ሳንቀናባት አልቀረንም። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ስለ ነበረ ካሊክ ያንኪሌ የተባለ የአንድ ተንኮለኛ ተማሪ ልጅ ቴአትር ጻፈላትና በወንድ ልጅ ልብስ ትጫወተው ጀመር። በቁመታችሁ የምትቀለድባችሁ የክፍላችን ልጆች ይህን ልብ በሉ! ወደ ኒውዮርክ ስትመለስ ዝናዋ ቀድሟት ደርሶ ነበር፤ በ1931ም በስሟ የሚጠራ ቴአትር ቤት ተከፈተላት።

በ1936 ይድል ከነቫዮሊኑ የተባለውን የሙዚቃ ፊልም ለመሥራት እንደ ገና ወደ ፖላንድ ሄደች። ታሪኩ ቤት ያጡ አባትና ልጅ ናቸው፤ ልጅቱ በመንገድ እንዳትደፈር ወንድ መስላ ቫዮሊን እየመታች ከአባቷ ጋር ትዞራለች። የፊልሙ አንድ ክፍል የተነሣው ካዚሚየርዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፥ የከተማይቱ ነዋሪዎች ራሳቸው በፊልሙ ውስጥ ገብተዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ጀርመኖች ፖላንድን ወረሩ። በፖላንድ ከነበሩት አይሁድ ሦስት ሚሊዮን ያህሉ ተገደሉ፤ የካዚሚየርዝ አይሁድም በ1942 አለቁ። ሞሊን ይዲሽ ያስተማረ፥ በቀልዷም የሣቀ ሕዝብ ጠፋ ማለት ነው። አንድ ቀልደኛ ከዚህ በኋላ ምን ብሎ መድረክ ላይ ይወጣል? ይህን እርስ በርሳችን ተጠያይቀን መልስ አጣን። ሞሊ ግን በ1946 ከባሏ ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግራ፥ ከሞት የተረፉት ወደ ተጠለሉባቸው ሰፈሮች ሄደች። ንግግር ልታደርግ ወይም ልታስለቅስ አልነበረም የሄደችው፤ በዚያው በሚያውቁት ቋንቋ ልትዘፍንላቸውና ልትቀልድላቸው ነበር። ከሥራዋ ሁሉ ትልቁ ለእኛ ይህ ነው።

በኋላ በእንግሊዝኛም ተጫውታለች፤ በ1961 በብሮድዌይ መድረክ፥ በ1971 ደግሞ ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ በተባለው ፊልም ጋብቻ የምታገናኘው ዬንተ ሆና ታየች። ካሊክ በ1975 ሞተ፤ እርሷም በ1992 በ94 ዓመቷ በፔንስልቬንያ አረፈች። ያ የ1936 ፊልም ግን አልጠፋም፤ የካዚሚየርዝ ሰዎች ዛሬም በውስጡ ይታያሉ።