አሎይስ አልዛይመር

አሎይስ አልዛይመር የተወለደው ጁን 14 ቀን 1864 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ ማርክትብራይት በምትባል አነስተኛ የባቫሪያ ከተማ ነው። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕክምናን ካጠና በኋላ በ1888 በፍራንክፈርት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የአእምሮ ሕመምተኛን ማሰር የተለመደ ነበር። አልዛይመር ግን ከዋናው ሐኪም ከኤሚል ሲዮሊ ጋር ሆኖ እስራቱ እንዲቀንስ፣ ሕመምተኞቹም በሙቅ ውኃ መታጠቢያና በጭውውት እንዲረጋጉ ጣረ። ቀን ከሕሙማኑ ጋር ሲነጋገር ውሎ፣ ማታ ከባልንጀራው ከፍራንስ ኒስል ጋር የሙታንን አንጎል በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር።

በ1901 ሚስቱ ሦስት ልጆች ትታበት ሞተች። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አውጉስተ ዴተር የተባለች የ51 ዓመት ሴት ወደ ሆስፒታሉ ገባች። ይህች ሴት ወጥ መሥራት እየተሳናት፣ ዕቃ እየደበቀች፣ በባሏም ላይ ያለ ምክንያት እየቀናች ሄዳ ነበር። አልዛይመር እርሳስ፣ እስክሪብቶና ቁልፍ ቢያሳያት ስማቸውን በትክክል ጠራች፤ ጥቂት ቆይቶ ምን እንዳሳያት ቢጠይቃት ግን አንዱንም አላስታወሰችም። አበባ ጎመን በሥጋ እየበላች ሳለ የምትበላው ምን እንደ ሆነ ብትጠየቅ የሌላ አትክልት ስም ጠራች። ስሟን መጻፍ ጀምራ መጨረስ አቃታት። መርሳት የሽማግሌዎች ዕጣ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን፣ በዚህ ዕድሜ መታየቱ ሐኪሙን እጅግ አስገረመው።

በ1903 ፍራንክፈርትን ለቆ፣ በኋላም ኤሚል ክሬፔሊን በሚመራው የሙኒክ ክሊኒክ መሥራት ጀመረ። ተማሪዎቹን በየማይክሮስኮፑ እየዞረ ሲያስተምር ሲጋራውን በየጠረጴዛው ላይ ረስቶ ይሄድ እንደ ነበር ይነገራል። አውጉስተን ግን አልረሳትም። በአፕሪል 1906 ስትሞት አንጎሏና የሕክምና መዝገቧ እንዲላክለት አደረገ። አንጎሏ ተኰማትሮ ነበር። በብር ውሁድ አቅልሞ ቢመለከተው፣ በነርቭ ሕዋሳቱ ውስጥ የተወሳሰቡ ክሮች፣ ከሕዋሳቱ ውጭ ደግሞ እንደ ጓል ያሉ ዝቃጮች አየ። ኖቬምበር 3 ቀን 1906 ይህንን በቱቢንገን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ሲያቀርብ አንድ እንኳ ጥያቄ የጠየቀው አልነበረም። ክሬፔሊን ግን በ1910 ባሳተመው መጽሐፍ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠራው። አልዛይመር በ1912 በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ተብሎ ወደዚያው ሲጓዝ በባቡር ላይ ታመመ፤ ጤናውም ሳይመለስለት ዲሴምበር 19 ቀን 1915 ሞተ። እርሱም 51 ዓመቱ ነበር።

አልዛይመር የመረመረው የሞተ አንጎል ስለ ነበረ፣ መርሳትን ያመጣው ዝቃጩ ይሁን፣ ወይስ ዝቃጩ በሽታው ትቶት የሄደው ዐመድ ብቻ ይሁን ሊለይ አልቻለም። ይህን ለመለየት በሽታውን ከመነሻው የሚከታተሉበት ሕያው እንስሳ ያስፈልግ ነበር። በ1980ዎቹ ዓመታት ዝቃጩ ቤታ አሚሎይድ ከሚባል፣ ክሮቹ ደግሞ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደ ተሠሩ ታወቀ። አይጥ በተፈጥሮዋ ይህ ዝቃጭ አይታይባትም። ስለዚህ በ1995 ተመራማሪዎች በሽታው በዘር በሚተላለፍበት ቤተሰብ የተገኘውን የሰው ጂን በአይጦች ላይ አስገቡ፤ አይጦቹም ከወራት በኋላ ዝቃጭ አበጁ። በ1996 ሌላ ቡድን ባዘጋጃቸው አይጦች ላይ የማስታወስ መዳከምም ታየ። የፈተናው ዘዴ ቀላል ነው። አይጧ በደፈረሰ ውኃ በተሞላ ገንዳ ትለቀቅና ከውኃው በታች የተሰወረውን መቆሚያ ትፈልጋለች። ጤነኛዋ ቀን በቀን እየፈጠነች ታገኘዋለች፤ ታማሚዋ ግን ትናንት ያገኘችውን ዛሬ እንደ አዲስ ስትፈልግ ትዋኛለች።

ይሁን እንጂ አይጥ ሰው አይደለችም። በእነዚህ አይጦች አንጎል ዝቃጩ ቢገኝም እንደ አውጉስተ ያለው የክር ውስብስብ አልተገኘም። በ1999 የአይጦቹ ዝቃጭ በክትባት ሲቀንስ ትልቅ ተስፋ ተጣለበት፤ በሰው ላይ ሲሞከር ግን አንዳንድ ሕመምተኞች የአንጎል መቆጣት ስለ ደረሰባቸው ሙከራው በ2002 ቆመ። ቤታ አሚሎይድን የሚያስወግድ ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ በሽታው ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ የመርሳቱን ፍጥነት በመጠኑ ይቀንሳል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።