አዶልፍ ሳክስ

ሳክስፎን የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ስሙን ያገኘው ከፈጣሪው ከአዶልፍ ሳክስ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳክስ በ1814 በቤልጂየም አገር፣ ዲናን በምትባል ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ከፎቅ ወድቆና በባሩድ ተቃጥሎ ከሞት አፋፍ እንደ ተመለሰ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይተርካሉ። አባቱ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ስለ ነበር የናስ ሥራን የተማረው ከዚያው ከቤቱ ነው። በብራስልስ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ፍሉትና ክላርኔት አጥንቷል።

በ1842 ወደ ፓሪስ ሄዶ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ለአዲሱ መሣሪያው የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው በ1846 ነበር። ሳክስፎን አካሉ ናስ ይሁን እንጂ እንደ ክላርኔት ከሸምበቆ በተሠራ ምላስ ይነፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የእኛው ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራ ያሰማበት ይህንኑ መሣሪያ ነው።

የፓሪስ መሣሪያ ሠሪዎች ግን ተባብረው ተነሡበት። መብቱን ለማሰረዝ ፍርድ ቤት ከሰሱት፤ ክርክሩም ሃያ ዓመት ያህል ተጓተተ። በዚህ ጊዜ የተፈጸመ አንድ ተንኰል ይነገራል። ባላጋራዎቹ የሳክስን መሣሪያዎች ገዝተው ወደ ውጭ አገር ይልኩና ስሙን አስፍቀው የሌላ ሠሪ ስም ያስቀርጹባቸዋል። ከዚያም መልሰው በማምጣት ከሳክስ በፊት የተሠሩ ናቸው ብለው ለዳኞች በማስረጃነት ያቀርቧቸዋል። በመጨረሻ ፍርዱ ለሳክስ ቢሆንም ወጪው አራቆተው፤ በ1852፣ በ1873 እና በ1877 ሦስት ጊዜ ከሰረ። በመካከሉም በከንፈሩ ላይ ዕጢ ወጥቶበት ለዓመታት ከተሠቃየ በኋላ ድኗል። በ1894 በድኅነት ሞቶ በፓሪስ ሞንማርትር መቃብር ተቀበረ።

የባለቤትነት መብቱ በ1866 ስላበቃ ሳክስፎን መሥራት ለሁሉም ተፈቅዶ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ የኤልክሃርት ከተማ ፋብሪካዎች ለነጋዴዎች የሚሠሩትን ሳክስፎን የነጋዴውን ስም እየቀረጹበት ይሸጡ ነበር። ይህ ማታለል ሳይሆን የታወቀ የንግድ ልማድ ነበር፤ ዛሬ ግን አሮጌ ሳክስፎን የሚገዛን ሰው ያደናግራል። አዋቂ ሰው ስሙን ትቶ አሠራሩን ይመረምራል። ማርቲን የተባለው ፋብሪካ የድምፅ ቀዳዳዎቹን ከንፈር ለብቻው ሠርቶ በአካሉ ላይ ይበይድ ነበር። ኮን ደግሞ ከአካሉ ስቦ ካወጣ በኋላ ጠርዙን ወደ ውጭ ይጠቀልለው ነበር። ሆኖም ኮን ለሌሎች በሠራቸው ርካሽ መሣሪያዎች ላይ ይህ ጥቅል ጠርዝ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የቁልፎቹ አቀማመጥና ተራ ቁጥሩ የተመታበት ስፍራም አብረው ይታያሉ። ጥራቱን በተመለከተ፣ ያልታወቀ ስም የተቀረጸበት ሁሉ መናኛ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከታወቀው ጋር በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ ዓይነት ናስ የተሠራ ነው።

የሳክስን ወርክሾፕ ልጁ ጥቂት ዘመን ካካሄደው በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሰልመር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ገዛው።