ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን፦ የትምህርት ዕድልንና የወንጀል ፍትሕን በአንድ ሙግት ያስተሳሰረ የሕግ ሰው

በአሜሪካ የዘር መድልዎን በፍርድ ቤት የመታገል ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በትምህርት ቤቶች የነበረውን በዘር የመለያየት ሥርዓት ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው ያለው የ1954ቱ የብራውን ውሳኔ ነው፤ ከውሳኔውም ጋር የጠበቃው የቱርጉድ ማርሻል ስም አብሮ ይወሳል። የማርሻል መምህርና የሙግቱ ስልት ቀያሽ የነበረው ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ግን ውሳኔው ከመሰጠቱ አራት ዓመት አስቀድሞ በሞት ተለይቶ ነበር። ይህ አጭር ጽሑፍ የሂውስተንን ሕይወት በመቃኘት፣ ለእርሱ የትምህርት ዕድልና የወንጀል ፍትሕ የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጽታዎች እንደነበሩ ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂውስተን በሴፕቴምበር 3 ቀን 1895 በዋሽንግተን ከተማ ከጠበቃ አባትና ከጸጉር ሠሪ እናት ተወለደ። በ1915 ከአምኸርስት ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ማስተማር ጀመረ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ግን የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። ለጥቁሮች ተለይቶ በተዘጋጀ የማሠልጠኛ ሰፈር በመኮንንነት ሠልጥኖ ሲያገለግል፣ በወታደራዊ ችሎት ጥቁር ወታደሮች ያለ በቂ ማስረጃ ሲቀጡ ተመለከተ። ከጦርነቱ ሲመለስ ሕግ ለማጥናት የወሰነው ይህን በማየቱ ነበር። በ1919 ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ የትምህርት ቤቱ የሕግ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር አርታዒ ሆነ፤ በ1922 የመጀመሪያ የሕግ ዲግሪውን፣ በ1923 ደግሞ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ።

በ1929 የሃዋርድ ሕግ ትምህርት ቤት ምክትል ዲን ሆኖ ሲሾም ተቋሙ በአብዛኛው ቀን ሥራ ውለው ማታ የሚማሩ ተማሪዎችን ያስተናግድ ነበር። ሂውስተን የማታውን ትምህርት በሙሉ የቀን መርሐ ግብር ተካ፤ የመግቢያና የማለፊያ መስፈርቱንም ከፍ አደረገ። ርምጃው ሠርተው አዳሪ ተማሪዎችን ዕድል በማሳጣቱ ተቃውሞ አልተለየውም። ይሁንና ትምህርት ቤቱ በ1931 ሙሉ የሙያ ዕውቅና አገኘ። በ1933 ከተመረቁት መካከል ቱርጉድ ማርሻልና ኦሊቨር ሂል ይገኙበታል።

ሂውስተን ይህን ያህል የጨከነበት ምክንያት ከወንጀል ችሎቱ ጋር የተያያዘ ነበር። በደቡብ ግዛቶች የሕግ ትምህርት ቤቶች ለጥቁሮች ዝግ በመሆናቸው ጥቁር ጠበቆች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ ጠበቃ በሌለበትም ጥቁሮች ከጁሪ፣ ማለትም ስለ ተከሳሹ ጥፋተኛነት ከሚወስኑት ከነዋሪው ከሚመረጡ ዜጎች፣ መገለላቸውን በመቃወም የሚከራከር አይገኝም ነበር። በ1933 በቨርጂኒያ ሊዝበርግ በነፍስ ግድያ ለተከሰሰው ለጆርጅ ክሮፎርድ የቆመው ሂውስተን የመራው በሙሉ ጥቁር የሆነ የጠበቆች ቡድን ነበር። የጁሪውን አመራረጥ በመቃወም ያቀረበው ክርክር ተቀባይነት ባያገኝም ተከሳሹ ከሞት ተርፎ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ሂውስተን ይግባኝ ያላለው በድጋሚ ክርክር የሞት ፍርድ ሊከተል ይችላል በሚል ሥጋት ነበር፤ መርሑን እስከ መጨረሻው አልተሟገተለትም የሚል ብርቱ ነቀፋም ደርሶበታል። በ1935 ግን ጥቁሮች ከጁሪ በመገለላቸው ምክንያት በኦክላሆማው ጄስ ሆሊንስ ላይ የተላለፈውን የሞት ፍርድ በጠቅላይ ፍርድ ቤት አሽሯል።

በዚያው ዓመት ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የጥቁሮች መብት ተሟጋች ማኅበር ልዩ የሕግ አማካሪ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሳውዝ ካሮላይና የጥቁርና የነጭ ልጆች ትምህርት ቤቶችን ልዩነት በፊልም ቀርጾ ነበር። ከ1896 ጀምሮ የጸናው የፍርድ ቤት አቋም እኩል አገልግሎት እስከተሰጠ ድረስ ዘርን መለየት ይፈቀዳል የሚል ነበር። ሂውስተን ይህን አቋም በቀጥታ ከመንካት ይልቅ እኩልነቱ በተግባር እንዲረጋገጥ መጠየቅን መረጠ፤ የጀመረውም ከሙያ ትምህርት ነበር። ለጥቂት ጥቁር አመልካቾች ሲባል የተለየ የሕግ ትምህርት ቤት መገንባት ወጪው ከባድ ነው፤ ዳኞችም በይድረስ የተቋቋመ የሕግ ትምህርት ቤት ከነባሩ እኩል አለመሆኑን ከራሳቸው ሙያ ያውቁታል።

ስልቱ ፍሬ አፈራ። ሂውስተንና ማርሻል በ1935 ባልቲሞር ላይ ባካሄዱት ክርክር ዶናልድ መሪ ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተፈረደለት። በ1938 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሚዙሪ ሎይድ ጌይንስን ከግዛቱ ውጭ ከፍሎ ማስተማሩ እንደማይበቃና በራሱ ግዛት ውስጥ እኩል ትምህርት ሊሰጠው እንደሚገባ ወሰነ።

ሂውስተን በ1938 ወደ ዋሽንግተን ተመልሶ ለጥቁር የባቡር ሠራተኞችና በዘር ምክንያት ቤት ለተከለከሉ ነዋሪዎች ተከራከረ። በልብ ሕመም ምክንያት በእጁ የነበረውን የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ለባልደረባው ለጄምስ ናብሪት አስተላልፎ ኤፕሪል 22 ቀን 1950 በ54 ዓመቱ አረፈ። ጉዳዩ ከብራውን ጋር በአንድ ቀን ተወሰነ።

የድሎቹ ሌላ ገጽታም ሊዘነጋ አይገባም። ሆሊንስ ከሞት ቢተርፍም ዳግመኛ ተከሶ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። ጌይንስም ቢረታም በማርች 1939 ቺካጎ ውስጥ ደብዛው ጠፋ፤ በስሙ የተከፈተውን በር ሳይሻገር ቀረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች መብት በፍርድ ሲረጋገጥና ባለመብቱ ሲጠቀምበት መካከል ያለውን ርቀት ያመለክታሉ። ሂውስተን በአንድ በኩል በችሎት እየተከራከረ በሌላ በኩል ጠበቆችን ሲያፈራ የኖረው ይህን ርቀት አንድ ውሳኔ ብቻውን እንደማይሞላው በመረዳቱ ይመስላል። በመሆኑም የትምህርት ዕድልንና የወንጀል ፍትሕን የሚያጠና ተመራማሪ ሁለቱን ነጣጥሎ ከማየቱ በፊት የእርሱን ሥራ መመርመሩ ይጠቅመዋል።